የፕሮሰሰርን ፍጥነት በድራይቨር ውስጥ መገደብ፤ ልጓሙ በማን እጅ ይሁን?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከመለኪያ መሣሪያዎች መረጃ እየሰበሰቡ የሚልኩ ስድስት ትንንሽ ቦርዶች አሉኝ። እያንዳንዳቸው ባለ አራት ኮር የአርም ፕሮሰሰር የተሸከሙ ሲሆን፣ አየር በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ተዘግተው በሊኑክስ ይሠራሉ። የፕሮሰሰሩ የፍጥነት ሠንጠረዥ ሰባት ደረጃዎች አሉት፤ ከ408 ሜጋኸርዝ ተነሥቶ በ816፣ በ1008፣ በ1200፣ በ1416 እና በ1608 አልፎ 1800 ሜጋኸርዝ ላይ ይቆማል። ችግሩ ቦርዶቹ ሥራ ሲበዛባቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፍተው እንደገና መነሣታቸው ነው። በመዝገቡ ላይ የስሕተት መልእክት አይገኝም፤ የመጨረሻው መስመር መሃል ላይ ይቆረጥና ቀጥሎ የሚታየው የአዲሱ ማስነሻ የመጀመሪያ መስመር ነው።

ብዙ ከደከምኩ በኋላ የድራይቨሩን፣ ማለትም በሊኑክስ እምብርት በከርነሉ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያዘውን ክፍል፣ ኮድ ከፍቼ ሦስቱን የላይኛ ደረጃዎች ከሠንጠረዡ ሰረዝኩ። ከዚያ ወዲህ ድራይቨሩ ከ1.2 ጊጋኸርዝ በላይ የሚያውቀው ፍጥነት የለም፤ ስድስቱም ቦርዶች ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወድቁ ሠርተዋል። ጥያቄዬ ወሰኑን እዚያ ማኖሬ ትክክል ነው ወይ የሚል ነው። እኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በድራይቨሩ ውስጥ የታሰረን ወሰን የትኛውም የጀርባ ፕሮግራም ሊፈታው አይችልምና። ለመልስ ሰጪዎች ይጠቅም እንደሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከለውጡ በኋላ ከርነሉ ሲነሣ ፕሮሰሰሩን በሠንጠረዡ ላይ በሌለ 1800000 ኪሎኸርዝ ሲሠራ እንዳገኘውና ወደ 1200000 እንደሚለውጠው የሚገልጽ መስመር በመዝገቡ ላይ መታየት ጀምሯል። ሁለተኛ፣ ሣጥኑ ሲሞቅ መረጃው ከቀድሞው ይልቅ እየዘገየ ይደርሳል።

ምላሾቹ

ምላሾቹን እንደ ቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ። በአንዳንዶቹ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ነገሩ የተፈታው በእነሱ ነውና።

1ኛው ምላሽ በትሕትና የተጻፈና ድካሜን ያመሰገነ ነበር። ጸሐፊው የከርነሉን ኮድ መንካት ሳያስፈልግ የላይኛውን የፍጥነት ወሰን በሚይዘው ፋይል ውስጥ 1200000 ብሎ መጻፍ ብቻ እንደሚበቃ ገለጸልኝ። በዚህ ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር የሚቆጠረው በኪሎኸርዝ መሆኑንም አስታወሰኝ።

2ኛው መላሽ ለመጀመሪያው አክብሮቱን ከገለጸ በኋላ እርማት ሰጠ። ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ወሰን የሚሠራው ስርዓቱ ተነሥቶ የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሰከንዶች ግን ፕሮሰሰሩ ሽቅብ እስከ 1.8 ጊጋኸርዝ መሄድ ይችላል። በጠቀስኩት የማስነሻ መስመር ላይም ትርጉም ሰጠበት። ከርነሉን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ቡትሎደሩ፣ ፕሮሰሰሩን በከፍተኛው ፍጥነት አስነሥቶ ለከርነሉ እንደሚያስረክብ መስመሩ ራሱ ይመሰክራል፤ ስለዚህ ድራይቨሩን መቁረጤ እንኳ የመጀመሪያዎቹን ቅጽበቶች አልሸፈነም ማለት ነው። ጥርጣሬውም በኃይል አቅርቦቱ ላይ መሆኑን ገልጾ፣ ሥራ በበዛበት ጊዜ የ5 ቮልቱን መስመር ቦርዱ ላይ በሚገባበት ቦታ እንድለካ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ በጊዜው አልፌው ነበር፤ ማለፍ አልነበረብኝም።

3ኛው ምላሽ ወደ 1ኛው ተመልሶ የራሱን ገጠመኝ ተረከ። እሱም በአንድ ሰርቨር ላይ በኪሎኸርዝ መሆኑን ረስቶ 1200000 በማለት ፈንታ 1200 ብሎ ጽፏል። ከርነሉ ስሕተት ነው ብሎ አልመለሰለትም። ከፕሮሰሰሩ ዝቅተኛ ፍጥነት በታች መውረድ ስለማይቻል ወሰኑን ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አስጠግቶ ተቀበለው፤ ማሽኑም ለሁለት ቀን ሲያዘግም ባለቤቱ ጥፋቱን በዲስኩ ላይ ሲፈልግ ሰነበተ። ከጻፉ በኋላ መልሶ የማንበብን ልማድ የያዘው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ነግሮናል።

4ኛው ምላሽ በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ረጅሙ ነው፤ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ጸሐፊው ጥያቄዬን ገልብጦ ያዘው። ወሰኑ የት ይቀመጥ ከማለቴ በፊት የወሰኑ ምክንያት ምን እንደሆነ ልመልስ እንደሚገባኝ ተከራከረ። ምክንያቱ የብረቱ ተፈጥሮ ከሆነ፣ ማለትም ይህ ቦርድ መቼም ቢሆን 1.8ን መሸከም የማይችል ከሆነ፣ ቦታው የቦርዱን ብረት ለከርነሉ የሚገልጸው ፋይል፣ ዲቫይስ ትሪ ነው፤ ለብዙ ዓይነት ቦርዶች በጋራ የሚያገለግለውን ድራይቨር ለአንድ ቦርድ ሲባል መቁረጥ የሌሎቹን መብት መንካት ነው። ምክንያቱ እንደ ሙቀት የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ከርነሉ የፍጥነት ወሰን ጥያቄዎችን በአንድ ቦታ የሚሰበስብበት መንገድ አለው፤ አንዱ ድራይቨር ጥያቄውን ያስመዘግባል፣ ሁኔታው ሲያልፍ ያነሣል። ምክንያቱ የባለቤቱ ፍላጎት ከሆነ 1ኛው መላሽ ያነሣው ፋይል ይበቃል። ቀጥሎም ብዙዎቻችን በቅጡ ያላየነውን አሠራር አስረዳ። የላይኛ ወሰን ጠያቂዎች ብዙ ሲሆኑ የሚጸናው ከሁሉም ያነሰው ነው፤ የታችኛ ወሰን ጠያቂዎች ሲበዙ ከሁሉም የበለጠው ይጸናል፤ ሁለቱ ከተጋጩ ግን የላይኛው ያሸንፋል። ስለዚህ የጀርባ ፕሮግራም ይፈታብኛል ብዬ የሰጋሁት ስጋት መሠረት የለውም። ከድራይቨር የቀረበ የ1.2 ጊጋኸርዝ ጥያቄ እስካለ ድረስ ከውጭ የሚጻፍ ከፍ ያለ ቁጥር ሊሽረው አይችልም። ይህን ሳነብ የመክፈቻ ጽሑፌ ዋና ምክንያት እንደወደቀ ገባኝ።

5ኛው ምላሽ ላይ የክሩ መንፈስ ተለወጠ። እስከዚያ «እርስዎ» ሲባባል የነበረው መድረክ ወደ «አንተ» ወረደ። መላሹ ሠንጠረዡን የቆረጠ ሰው ሠንጠረዡን ሌላ ማን እንደሚያነበው ሳያጣራ መነካካት እንዳልነበረበት በኃይለ ቃል ጻፈ። አነጋገሩ ቢያምም ይዘቱ እንከን አልነበረውም። ሙቀትን የሚያስተዳድረው የከርነሉ ክፍል ፕሮሰሰሩን እንደ ማቀዝቀዣ ይቆጥረዋል፤ ማቀዝቀዣውም ደረጃዎች አሉት፤ ዜሮ ደረጃ የሠንጠረዡ ከፍተኛ ፍጥነት ነው፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ አንድ እርከን ይወርዳል። በዲቫይስ ትሪው ላይ ሙቀቱ ከወሰን ሲያልፍ በ3ኛው ደረጃ ጀምር የሚል ትእዛዝ ካለ፣ በሙሉው ሠንጠረዥ 3ኛው ደረጃ 1200 ሜጋኸርዝ ነው። በእኔ የተቆረጠ ሠንጠረዥ ግን ዜሮው 1200፣ አንዱ 1008፣ ሁለቱ 816፣ ሦስቱ 408 ይሆናል። ሣጥኑ ሲሞቅ መረጃው የሚዘገየው ለዚህ ነው ብሎ ደመደመ። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት፤ 3 የሚለው ቁጥር እዚያው ተቀምጦ ነበር። መርዶ ቢሆንም እውነት ነበርና አመሰገንኩት።

6ኛው መላሽ በ5ኛው አነጋገር ማዘኑን ገለጸ፤ ጠያቂ ሰው በዚህ መንገድ ከተስተናገደ ነገ ማንም ስሕተቱን ይዞ ወደ አደባባይ እንደማይወጣ አሳሰበ። ስለ ጉዳዩ የጨመረው ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን መጻፉ ደስ አሰኝቶኛል።

በ7ኛው እና በ8ኛው መካከል አጭር ክርክር ተነሣ። 7ኛው መላሽ ሠንጠረዡን ከመቁረጥ ይልቅ ወሰን ማኖር እንደ ሥራው ጭነት ፍጥነት የሚመርጠውን የፍጥነት አዛዥ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ከርነሉ የገባውን ስኬድዩቲልን፣ ግራ እንደሚያጋባው ተናገረ። ስኬድዩቲል ፍጥነትን የሚያሰላው ከከፍተኛው ፍጥነት በመነሣት ስለሆነ፣ ከፍተኛው 1.8 ሆኖ በ1.2 ሲገደብ ፕሮሰሰሩ ቶሎ ወደ ጣሪያው ይወጣል የሚል ነበር ሐሳቡ። 8ኛው መላሽ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣ። አዛዡ የሚመርጠው ፍጥነት ከፍተኛው ፍጥነት በሥራው ድርሻ ተባዝቶ፣ ውጤቱ ደግሞ በ1.25 ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የሥራው ድርሻ የሚለካው ከዚያው ከፍተኛ ፍጥነት አንጻር ከሆነ ከፍተኛው ፍጥነት ከስሌቱ ይጠፋል፤ በሁለቱም መንገድ ፕሮሰሰሩ 1.2 ላይ የሚደርሰው የሥራው ጭነት 0.96 ጊጋኸርዝ ያህል ሲሆን ነው። 7ኛው ተቀበለ፤ በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ መቀበል ቀላል ነገር አይደለም።

9ኛው ምላሽ ከዕድሜ ባለጸጋ የመጣ ይመስለኛል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2000 ስፒድስቴፕን በላፕቶፕ ፔንቲየም ሦስት ላይ ሲያወጣ የነበሩት ደረጃዎች ሁለት ብቻ እንደነበሩ አስታወሰ፤ ላፕቶፑ ከመስመር ኃይል ሲያገኝ 650 ሜጋኸርዝ፣ በባትሪ ሲሆን 500፤ ቮልቴጁም ከ1.6 ወደ 1.35 ይወርድ ነበር። በዚያ ዘመን የፕሮሰሰሩ የውስጥ ቆጣሪ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ጊዜን በእሱ የሚለካ ፕሮግራም ፍጥነቱ በተለወጠ ቁጥር ይሳሳት እንደነበር ነገረን። የፍጥነት ድራይቨሮች ከለውጡ በፊትና ከለውጡ በኋላ ለሌሎቹ የከርነሉ ክፍሎች ማስታወቂያ የሚያሰሙት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ከጥያቄዬ የራቀ ቢመስልም ፍጥነትና ቮልቴጅ ተያይዘው እንደሚሄዱ በክሩ ውስጥ ያነሣው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

10ኛው መላሽ ነገሩን እንደ ሊኑክስ ኮምፒውተር ወደሚያስተዳድር ሌላ ስርዓት፣ ወደ ፍሪቢኤስዲ ወሰደው። እዚያ ፓወርዲ የተባለው የጀርባ ፕሮግራም የላይኛ ወሰን የሚቀበልበት አማራጭ እንዳለው፣ የታችኛውን ወሰን ደግሞ ለተጠቃሚ የሚቀርቡትን ደረጃዎች ከታች የሚቆርጥ የከርነል ቅንብር እንደሚይዘው አስረዳ። የታችኛው ወሰን የሚያስፈልገው አንዳንድ ድራይቨሮች የሰዓት ምቱን በ12.5 በመቶ ክፍልፋይ እየዘለሉ የሐሰት ደረጃዎችን ወደ ሠንጠረዡ ስለሚጨምሩ ነው። ምት መዝለል ቮልቴጁን አይቀንስም፤ ማሽኑን ያቀዘቅዛል እንጂ ለተሠራው ሥራ የሚወጣውን ኃይል አያሳንስም። በሊኑክስም ለፔንቲየም አራት የተጻፈው ተመሳሳይ ድራይቨር ከባድ መዘግየት ስለሚያመጣ በልዩ ሁኔታ ብቻ እንዲሠራበት በማብራሪያው ላይ ተጽፏል።

11ኛው መላሽ ከዚህ ተነሥቶ፣ በቮልቴጅ የታገዘ ወሰን ግን ሁልጊዜ ኃይል ይቆጥባል ሲል ጻፈ። 12ኛው «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል ያዘው። ከቦርዱ ሰነድ እንደሚነበበው 1.2 ጊጋኸርዝ 0.95 ቮልት፣ 1.8 ደግሞ 1.25 ቮልት ይፈልጋሉ። ኃይሉ የቮልቴጁን ካሬ በፍጥነቱ የማባዛት ያህል ስለሚሆን በ1.2 ሲሠራ የሚወስደው በ1.8 ከሚወስደው 38.5 በመቶ ነው። ለምሳሌ ፕሮሰሰሩ በ1.8 አራት ዋት ወስዶ በ10 ደቂቃ የሚጨርሰውን ሥራ፣ በ1.2 በ1.54 ዋት በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ 40 ዋት ደቂቃ የነበረው 23.1 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ 11ኛው ልክ ነው። ነገር ግን ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የቀረው ቦርድም አብሮ ነቅቶ ይቆያል። ሌላው ክፍል 2 ዋት የሚወስድ ከሆነ ድምሩ 60 እና 53.1 ነው፣ ወሰኑ አተረፈ፤ 4 ዋት ከሆነ ግን 80 እና 83.1 ይሆናል፣ ወሰኑ አከሰረ። ሥራው በአብዛኛው ከሜሞሪ የሚመጣ መረጃ በመጠበቅ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጊዜው በዚያው ልክ ስለማይረዝም ሒሳቡ እንደገና ወደ ወሰኑ ያዘነብላል። ይህን ስሌት በማስታወሻዬ ላይ ገልብጬዋለሁ።

13ኛው ምላሽ በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ የትኛው ወሰን እንደሚጸና የሚጠይቅ ነበር። እዚያ ለሁሉም ኮሮች የሚሠራ የመቶኛ ወሰንና ለየኮሩ የሚሠራ የፍጥነት ወሰን ጎን ለጎን እንዳሉ፣ የሚጸናውም ዝቅተኛው እንደሆነ ሲነገረው ረክቶ ሄደ።

14ኛው ምላሽ አምስት መስመር የማይሞላ ሆኖ ሁሉንም ነገር ቀየረው። መላሹ እስካሁን ስለ ወሰን የተነገረውን ሁሉ እንደሚቀበል ገልጾ፣ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፤ ቦርዱ የሚወድቀው በ1.8 ላይ ሆኖ ሲሠራ ነው ወይስ ወደ 1.8 ሲወጣ? ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጁ ቀድሞ መነሣት፣ ፍጥነቱም ኋላ መከተል አለበት፤ ሲቀንስ ደግሞ ፍጥነቱ ቀድሞ ይወርዳል። ድራይቨሩ ይህን ቅደም ተከተል ቢጠብቅም፣ ለፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ የሚመጥነው ሬጉሌተር ወደ አዲሱ ቮልቴጅ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ በዲቫይስ ትሪው ላይ ካልተጻፈ ከርነሉ ሳይጠብቅ ያልፋል። ሁለት ሙከራ አዘዘልኝ። አንደኛው ፍጥነቱን በ1.8 አጽንቶ አራቱንም ኮሮች ማስጨነቅ ነው፤ ሁለተኛው ፕሮሰሰሩን ያለ ከባድ ሥራ በ1.2 እና በ1.8 መካከል ማመላለስ ነው።

15ኛው ምላሽ የእኔ ነው። ሠንጠረዡን ወደ ቀድሞው መልሼ፣ የአንዱን ቦርድ ሣጥን ከፍቼ፣ ማራገቢያ አቁሜበት ሙከራዎቹን አደረግሁ። በ1.8 ጸንቶ፣ አራቱም ኮሮች በሙሉ ጭነት ላይ ሆነው፣ ስድስት ሰዓት ሳይነቃነቅ ሠራ። ቀጥሎ ፍጥነቱን በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ የሚያመላልስ ትንሽ ፕሮግራም አስነሣሁ፤ ፕሮሰሰሩ ሌላ የሚሠራው ሥራ አልነበረም። በአራተኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ጠፋ። ለሁለተኛ ጊዜ ሞከርኩ፤ አሁንም ሳይቆይ ወደቀ። ጥፋቱ ከፍጥነቱ ሳይሆን ከሽግግሩ እንደነበረ፣ እኔም ለሦስት ሳምንት በወሰን የሸፈንኩት ሕመሙን ሳይሆን ምልክቱን እንደነበረ በግልጽ ጻፍኩ።

16ኛው ምላሽ ከ5ኛው ሰው መጣ፤ ወደ «እርስዎ» ተመልሶ ነበር። የሬጉሌተሩን ሰነድ አንብቦ፣ ቮልቴጁ በአንድ ማይክሮሰከንድ 5 ሚሊቮልት ብቻ እንደሚወጣ አገኘ። ከ0.95 ወደ 1.25 ያለው ልዩነት 300 ሚሊቮልት ስለሆነ መንገዱ 60 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል። ከርነሉ ሳይጠብቅ ወዲያው ፍጥነቱን ሲጨምር፣ ፕሮሰሰሩ በ1.8 ጊጋኸርዝ ከመቶ ሺህ በላይ ምቶችን በማይበቃው ቮልቴጅ ላይ ይመታል። እስከ 1.2 ያሉት አራቱ ደረጃዎች በዚህ ቦርድ ላይ ሁሉም 0.95 ቮልትን ስለሚጋሩ የእኔ ወሰን ቮልቴጁን ከመንቀሳቀስ አግዶት ነበር፤ ቦርዶቹ ሳይወድቁ የቆዩበትም ምሥጢር ይኸው ነው። በዲቫይስ ትሪው የሬጉሌተር ክፍል ላይ የመውጫውን ፍጥነት 5000 ማይክሮቮልት በማይክሮሰከንድ ብዬ እንድጽፍ መከረኝ፤ ለጥንቃቄ ትንሽ ዝቅ ማድረግ እንደሚሻልም አከለ።

17ኛው ምላሽ፣ የክሩም የመጨረሻው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔ የጻፍኩት ነው። በሬጉሌተሩ ክፍል ላይ 4000 ብዬ ጻፍኩ፤ ድራይቨሩን ሳልነካው እንደነበረ ተውኩት፤ የማቀዝቀዣው 3ኛ ደረጃም ወደ 1200 ሜጋኸርዝ ተመልሶ ሣጥኖቹ ሲሞቁ ፍጥነቱን ልክ እንደታሰበው ይገድባል፤ መረጃውም አይዘገይም። አምስቱ ቦርዶች አልወደቁም። ስድስተኛው ግን በ1.8 ጸንቶ በሙሉ ጭነት ሲሠራ እንኳ መውደቁን አላቆመም። ያን ጊዜ 2ኛው መላሽ የጠየቀኝን ልኬት አስታወስኩና ቮልቲሜትሩን ቦርዱ ኃይል በሚቀበልበት ቦታ ላይ አኖርኩት። ሥራ ሳይኖር 4.9 ቮልት የነበረው ሙሉ ጭነት ላይ ወደ 4.4 ወረደ። የዚያ ቦርድ ገመድ ከሌሎቹ ይልቅ ቀጭንና ረጅም ነበር። በአጭርና ወፍራም ገመድ ተክቼው እንደገና ለካሁ፤ 4.8 ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የመዝገብ መስመር አልተቆረጠም።